ስለ ሕፃናት የልደት ማዕድ፤ ለብቸናና ለሞጣ ነጋዴዎች የቀረበ አሳብ

ንግድ የሚያድገው አዲስ ዕቃ በመጣ ቍጥር ብቻ አይደለም፤ አዲስ ልማድ በተተከለ ጊዜም ነው። ሕዝብ አንድን ቀን ማክበር ከጀመረ ለዚያ ቀን የሚሆን ልብስ፣ የሚሆን ምግብና የሚሆን ጌጥ መፈለጉ አይቀርም። ነጋዴ ይህን ፍላጎት አስቀድሞ ያየ እንደ ሆነ የራሱን ሥራ ያቋቁምበታል፤ ዘግይቶ ያየ እንደ ሆነ ግን ሌላው ያዘጋጀውን ተቀብሎ አሻሻጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሕፃናት የልደት በዓል በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከእነዚህ አዲስ ልማዶች አንዱ ነው። ቅርጽና ቀለም ያለው ኬክ፣ ከረሜላው፣ ብስኩቱ፣ ፊኛውና ሻማው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይዘዋል። ጥያቄው ይህ ንግድ ይኑር አይኑር አይደለም፤ በማን እጅ፣ በምን እህልና በምን ዓይነት ጥንቃቄ ይሠራ የሚለው ነው።

ቀድሞ በጎጃም፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ በክርስቲያኑ ቤት ለሕፃን የሚደገሰው ድግስ ክርስትና ነበር፤ ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ዳቦው ይደፋል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይጠራል። የተወለዱበትን ቀን በየዓመቱ ማክበር ግን የተለመደ አልነበረም። በየዓመቱ በአደባባይ ሲከበር የሚታወቀው የልደት ቀን ሐምሌ 16 ቀን የሚውለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 ወጣ፤ የልጁ የልደት ቀን በወረቀት ላይ የሰፈረ፣ ወላጅም ልጅም የሚያስታውሱት ቀን እየሆነ ሄደ። የታወቀ ቀን ደግሞ ሳይውል ሳያድር በዓል መሆኑ አይቀርም።

የኬኩም ታሪክ ቢመረመር ከሩቅ የመጣ ነው። ፉርኖ፣ ቶርታ፣ ማርማላታ፣ ከረሜላ የሚሉት ቃሎች ከየት እንደ መጡ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ በጣሊያን ቋንቋ በኩል ገብተው የአማርኛ ገበያ ቃሎች ሆነዋል። በአዲስ አበባ ፒያሳ የኬክ ቤት ሥራ የተለመደው በዚሁ መንገድ ነው። ስኳሩም በአገር ውስጥ በፋብሪካ መሠራት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ሥራ በጀመረ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የጣፋጭ ንግድ ከዋና ከተማ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች፣ ከዚያም ወደ አውራጃ ከተሞች እየወረደ ሄደ። ብቸናና ሞጣም፣ በየስማቸው ይጠሩ የነበሩት አውራጃዎች ዋና ከተሞች እንደ መሆናቸው፣ ከደጀን ተነሥቶ እስከ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ሆነው ይህን ንግድ ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ ለሕፃናት ተብሎ የሚጋገር፣ የራሱ ቅርጽና የራሱ ቀን ያለው ምግብ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ የሚሰጣቸው ሙልሙል ዳቦ ምን ነበር? ለልጅ እጅ እንዲመች ሆኖ የተድበለበለ፣ ሲዞሩ ቢውሉ የማይበላሽ፣ ለብዙ ልጆች የሚዳረስ የሕፃናት ዳቦ ነው። ከዚህም በላይ ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ የሚውል በመሆኑ ሙልሙሉ የሚጋገረው ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቍላል ነው። እንግዲህ የሕፃናትን ድግስ ዳቦ ከአገሩ እህል፣ በአገሩ ሥርዓት፣ በትንሽ ወጪ መሥራት የሚቻል መሆኑን የጎጃም እናቶች ኬክ ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ ያውቁት ነበር። የዛሬው ነጋዴ የሚያስፈልገው ይህን ዕውቀት ወደ ሱቅ ማምጣት ነው።

አሁን በአንድ የልደት ማዕድ ላይ የሚቀርበው ነገር አንድ በአንድ ቢታይ ግማሹ ያህል ከውጭ የሚመጣ ሆኖ ይገኛል። ቸኮሌቱ፣ ባለ ብዙ ቀለሙ ከረሜላ፣ በሥዕል የተሸፈነው ብስኩት፣ የኬኩ ቀለምና የሚያብለጨልጨው ጌጥ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ የሚወጣባቸው ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ንግድ መሠረቱ ምን ያህል የላላ እንደ ሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲከለክል ከረሜላ፣ ቸኮሌትና ብስኩት የመሰሉት በዚያው መዝገብ ውስጥ ገብተው ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ዕቃው ሲከለከል በእጥረት፣ ሲፈቀድ ደግሞ በዋጋ የተጐዳው ያው በከተማው ያለው ባለ ሱቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ የታየውም ይኸው ነው፤ ከሩቅ በሚመጣ ዕቃ ላይ ብቻ የቆመ ሱቅ መንገድ በተዘጋ ቀን ባዶ መደርደሪያ ይዞ ይቀመጣል።

ከገንዘቡ ጕዳት ይልቅ የከበደው ግን የሕፃናቱ ጤና ነው፤ ስለዚህ ጕዳይ ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የልደት በዓል ላይ ኬክ የበሉ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 11 ዓመት የሆነ 6 ልጆች በማስመለስና በተቅማጥ ታመሙ። ሲመረመር ኬኩን ለማስጌጥ የተቀባው የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ዱቄት መዳብ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት በሚዙሪ ግዛት የአንድ ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ ከፍ ያለ የእርሳስ መጠን ታይቶ ምክንያቱ ሲፈለግ ለኬክ አበባ ጌጥ የተነሰነሰ ዱቄት ተገኘ። የእነዚህ ዱቄቶች አሳሳችነት በማሸጊያው ላይ ነው፤ አንዳንዱ «መርዝነት የለውም» የሚል ጽሑፍ ይይዛል እንጂ «ይበላል» አይልም፤ አንዳንዱም «ለጌጥ ብቻ» ይላል። መርዝነት የለውም ማለትና ለምግብ የተሠራ ነው ማለት አንድ አይደለም። ለመብል የተሠራ ዱቄት የተቀመመበትን ነገር ሁሉ እንደ ማንኛውም ምግብ በዝርዝር ይጽፋል። ይህን ዝርዝር የማይዝ ጌጥ በልጅ ኬክ ላይ ሊነሰነስ አይገባም።

ስለ ሰው ሠራሽ የምግብ ቀለምም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ቀለሞች ከአንድ የምግብ ማቈያ ጋር ተቀላቅለው ሲሰጡ በልጆች ላይ የመቅበጥበጥ ጠባይ መጨመሩን ገለጹ። ከዚያም በኋላ፣ ከ2010 ዓ.ም. ሐምሌ አንሥቶ፣ የአውሮፓ ኅብረት ስድስት ቀለሞች ያሉባቸው ምግቦች በልጆች ትኵረት ላይ ጕዳት ሊያመጡ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ደነገገ። አሜሪካም በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ አንዱን ቀይ ቀለም ከምግብ እንዲወጣ ወሰነች። ሀብታሞቹ አገሮች ከልጆቻቸው አፍ ያራቁትን ቀለም ያለ ስምና ያለ ጽሑፍ በትንሽ ብልቃጥ ገዝቶ በብቸናና በሞጣ ልጆች ማዕድ ላይ ማቅረብ የሚያስከብር ንግድ አይሆንም። በኢትዮጵያም ቢሆን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ምግብን የሚያዘጋጅና የሚሸጥ ሁሉ ስለ ደኅንነቱ ኀላፊ እንዲሆን የወጣ ሕግ ነው።

ታዲያ የልጅ ኬክ ነጭ ብቻ ይሁን ማለት ነውን? አይደለም። እርድ ቢጫ ይሰጣል፤ ቀይ ሥር ተፈጭቶ ቢጨመቅ ቀይና ሐምራዊ ይሰጣል፤ ቆስጣ አረንጓዴ ይሰጣል፤ ቀይ ጤፍ ደግሞ ያማረ ቡናማ መልክ አለው። የቀይ ሥር ቀለም በእሳት ስለሚደበዝዝ ከሊጡ ይልቅ ከላይ በሚቀባው ክሬም ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ሥራው በእርግጥ ከብልቃጥ እንደ ማንጠብጠብ የቀለለ አይደለም፤ ነገር ግን ቀለሙ ምን እንደ ሆነ እናቲቱ ስትጠይቅ ባለ ሱቁ ሳያፍር የሚመልስላት ነው።

እህሉን በሚመለከት እነዚህ ሁለት ከተሞች ከብዙ ከተሞች የተሻሉ ናቸው። ዙሪያቸው ስንዴና ገብስ የሚበቅልበት፣ ነጭ ጤፍ የሚታፈስበት፣ ኑግ የሚዘራበት፣ ማርና ቅቤ ለገበያ የሚወጣበት አገር ነው። ጤፍ ለብቻው ሆኖ ኬክ ማንሣት አይችልም፤ ሊጥን ወጥሮ የሚይዘው የስንዴው ባሕርይ የለውምና። ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ግን ጣዕም ይጨምራል፤ ለብስኩት ደግሞ ብቻውንም ይሆናል። ማር ለስኳር ምትክ ከመሆኑም ሌላ ኬኩ ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ክሬም የተጫነበት ኬክ ከማቅረብ ይልቅ በማር የተጋገረና ሁለት ቀን የሚቈይ ኬክ ማቅረብ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም የአገሩ ከፍታ ነው። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩም የሳሳ ስለ ሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ፈጥኖ ይነፋል። ለቈላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የኬክ አሠራር እንዳለ ቢወሰድ ኬኩ በቶሎ ያብጥና ውስጡ ሳይበስል መካከሉ ይሰረጕዳል። መድኀኒቱ ቤኪንግ ፓውደሩን ከሩብ ያላነሰ መቀነስ፣ ስኳሩን ጥቂት ማሳነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ መጨመርና የምድጃውን ሙቀት በመጠኑ ከፍ ማድረግ ነው። ስንት የተበላሸ ኬክ በጋጋሪዋ ስንፍና ተሳብቦ ይሆን! ጥፋቱ ግን የመጽሐፉ እንጂ የእጇ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የአገሩን ነጋዴ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚለየው የጾሙን ጊዜ ማወቁ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብም ሲጨመሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ትንንሾቹ ሕፃናት ባይጾሙም እንኳ ወላጆቻቸውና የሚጠሩት እንግዶች ይጾማሉ። በእንቍላልና በቅቤ ብቻ ኬክ መሥራት የሚያውቅ ቤት እንግዲህ ግማሹን ዓመት ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። በዘይት፣ በሙዝና በማርማላታ የሚሠራው የጾም ኬክ በትልልቅ ከተሞች ገበያ ያገኘው ስለዚህ ነው፤ በብቸናና በሞጣም ከጥር በኋላ የሚወለድ ልጅ ልደቱን በማር ኬክ ወይም በሙልሙል ማክበር ይችላል። እንዲሁም በሁለቱም ከተሞች የሚኖረውን የእስላም ወገን ማሰብ ይገባል። ለስላሳ ከረሜላ ብዙውን ጊዜ የሚረጋው ከእንስሳ ቈዳና አጥንት በሚወጣ ጄላቲን ነው፤ የእንስሳው ዓይነት ካልታወቀ ለእስላሙም አይሆንም፤ ጾመኛውም ሳያውቅ ጾሙን ያፈርሳል። ይህን መርምሮ የሚነግር ባለ ሱቅ የሁሉንም ወገን እምነት ያተርፋል።

ስለ ቅርጹም ቢሆን የልጅን ዓይን የሚማርክ ነገር ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ፊደል ለቈጠረ ልጅ በ«ሀ» ቅርጽ የተጋገረ ኬክ፣ በመስከረም ለተወለደች ልጅ በእርድ የቀላ የአደይ አበባ ጌጥ፣ ከድፎ ዳቦ የተሠራ ባለ ክዳን ጎጆ ቤት፣ በሞሰብ አምሳል የተደራረበ ኬክ ሁሉ መልካም ናቸው። የሞጣ ልጅ ደግሞ ስለ ዓባዩ ሰባራ ድልድይ ሲነገረው ያደገ ነው፤ ድልድዩን በብስኩት ሠርቶ፣ ከሥሩ ወንዙን በማርማላታ አፍስሶ ቢያቀርቡለት ከማያውቀው የፊልም ጀግና ያነሰ ደስ ይለዋል ብሎ ማሰብ ልጆችን አለማወቅ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ የልደት በዓል የባዕድ ልማድ ስለ ሆነ ነጋዴ ሊያስፋፋው አይገባም የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች እውነት የሌለበት ነገር አልተናገሩም፤ ነገር ግን ልማድን የሚያመጣው ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ልማዱ አስቀድሞ ደጅ ደርሷል። ደጅ የደረሰውን እንግዳ በአገር ልብስ ማልበስ እርቃኑን ከመተው ይሻላል። ሁለተኛው፣ ድሀ ወላጅ ከጎረቤት እንዳያንስ ሲል ከዐቅሙ በላይ እንዲያወጣ ያደርጋል የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው የከበደ ነገር ነው፤ መልሱም ያለው በነጋዴው እጅ ነው። ትልቅ ቶርታ በኪሎ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ድሀውን ወይ ያሳፍረዋል ወይ ያስበድረዋል። ለስድስት ልጅ የሚበቃ ትንሽ ኬክ፣ በቍጥር የሚሸጥ ሙልሙል፣ በስኒ የሚሰፈር ዳቦ ቆሎና ፈንዲሻ የሚያቀርብ ሱቅ ግን ለሁሉም የሚሆን ማዕድ አለው። ብዙ ትንንሽ ገዢ ያለው ሱቅ ጥቂት ትልልቅ ገዢ ካለው ሱቅ የጸና መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ለሕፃናት የሚሸጥ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ጥቂት ነገር ደግሞ አለ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በትንሽ ሆድ ውስጥ ብርቱ መመረዝ ሊያመጣ ይችላልና። ፈንዲሻ፣ ለውዝና ጠጣር ከረሜላም ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጕሮሮ የሚያንቁ ናቸው። ይህን ቃል በኬኩ ካርቶን ላይ አንድ መስመር አድርጎ መጻፍ ምንም ወጪ የለበትም፤ አንድ ሕፃን ቢያድን ግን ዋጋው አይተመንም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለየነጋዴው የሚደርሰው ድርሻ የተለየ ነው። አስመጪው ያለቀለትን ከረሜላና ጌጥ በሣጥን ከማምጣት ይልቅ ለብዙ ዓመት የሚያገለግለውን የኬክ መጋገሪያ ፎርማ፣ ሚዛኑን፣ ማደባለቂያውን፣ የመበያ ፈቃዱ በግልጽ የተጻፈበትን ቀለምና ቤኪንግ ፓውደር ቢያመጣ የሚያወጣው ምንዛሪ ሥራ ይፈጥራል። በአንድ ፎርማ ሺህ ኬክ ይጋገራል፤ አንድ ከረሜላ ግን አንድ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል። ባለ ሱቁ ከዱቄት ወፍጮው፣ ከማር ሻጩና ከእንቍላል አምጪዋ ገበሬ ጋር አስቀድሞ ውል ቢይዝ ዋጋው የተረጋጋ ይሆናል፤ የሚሸጠውንም ነገር ምንጩን ያውቃል። ላኪውም ቢሆን ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ1998 ዓ.ም. በተከለከለ ጊዜ እንጀራው ይላክ ነበር፤ ተሠርቶ የወጣ እህል ለአገሩ የተሻለ እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። በውጭ አገር የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች የልደት ቀን አላቸው፤ ግሉተን የማይስማማቸው የሌላ አገር ልጆችም ብዙ ናቸው። በጥንቃቄ የተጋገረና በሚገባ የታሸገ የጤፍ ብስኩት ለሁለቱም ይሆናል።

የነጋዴ ትልቁ ካፒታል ስሙ ነው። እናት ለልጇ የምትገዛውን ነገር ለራሷ ከምትገዛው አብልጣ ትመረምራለች፤ አንድ ቀን ልጇ የታመመበትን ሱቅ ደግማ አትረግጥም፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች። ልጇ ደስ ብሎት የዋለበትን ሱቅ ደግሞ ልጇ አድጎ የራሱን ልጅ ይዞ እስኪመጣ ድረስ አትለቅም። የብቸናና የሞጣ ነጋዴዎች ይህን ንግድ ከገዛ አገራቸው እህልና ከእናቶቻቸው ዕውቀት ላይ ቢያቋቁሙት የገበሬው ዱቄትና ማር ገበያ ያገኛል፤ ምንዛሪው ይተርፋል፤ የልጁም ማዕድ ደኅንነቱ የታወቀ ይሆናል። ለዚህም የሚጠበቅ ካፒታል የለም፤ የሚቀጥለው ልደት ሳይደርስ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ብልቃጥና ዱቄት አንድ በአንድ አንሥቶ ጽሑፉን በማንበብ ሥራው ሊጀመር ይችላል።